ሁልጊዜ ረዳት ተዋናይ ሆኖ መዝለቅ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የጦሳ ሥር ልጅ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከተማ በአንድ የአማተር ቴአትር ክበብ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቀን በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ተቀጥሬ እውላለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ወደ ልምምድ እሄዳለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሽማግሌ፣ ዘበኛ፣ ደላላ፣ ሰካራም አማች፣ አንድ ጊዜም ዓይነ ስውር ለማኝ ሆኜ ተጫውቻለሁ፤ መሪ ተዋናይ ሆኜ ግን አንድም ቀን መድረክ ላይ አልወጣሁም። አዲስ ተውኔት በመጣ ቁጥር ንባቡ ገና ሳይጀመር ጓደኞቼ «ሽማግሌው ያንተ ነው» ይሉኛል። ዕድሜዬ 27 ነው።

አሁን የምንለማመደው ተውኔት ከራሳችን ከተማ ታሪክ የተቀዳ ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ መዝመታቸውን፣ ጥቅምት 17 ቀንም ሰገሌ ላይ ድል ሆነው መማረካቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደራሲው ጦርነቱን መድረክ ላይ አላመጣውም፤ ያመጣው በአይጠየፍ አዳራሽ ተቀምጠው ወሬ የሚጠባበቁትን ሴቶችና ሽማግሌዎች ነው። ለእኔ የተሰጠኝ በሁለተኛው ገቢር ከሰገሌ ሸሽቶ የሚገባው ወታደር ነው። ሰባት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነሣው ሰው የለም። ስም እንኳ የለውም፤ በጽሑፉ ላይ «ወታደር» ብቻ ተብሏል።

ባለፈው ዓመት እናቴ አንድ ትርኢታችንን ለማየት መጥታ ነበር። ሲያልቅ ወደ እርሷ ስሄድ «ልጄ፣ አንተ የቱ ጋ ነበርክ?» አለችኝ። ነጭ ጢም ተለጥፎልኝ፣ ጎብጬ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከፊቷ ቆሜ ነበር። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ይህ ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ልደሰትበት ወይስ ልዘንበት እንደሚገባኝም ለይቼ አላወቅሁም። በዚህ ሙያ ዕድሜያችሁን ያሳለፋችሁ ወይም የምታውቁ ሰዎች እንድትነግሩኝ የምፈልገው፣ ሁልጊዜ ከዋናው ሰው ጎን በሚቆሙ ገፀ ባሕርያት ብቻ ሙሉ የተዋናይነት ሕይወት መኖር ይቻል እንደሆነ ነው። የሚቻል ከሆነስ፣ ሰባት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ሰው ለስድስት ሳምንት ልምምድ ምን ይዞ ይገባል?


መልስ፦ መምህር፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ የቴአትር ጥበብ ተምሬ በማስተማር ላይ የምገኝ ሰው ነኝና ጥያቄህ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ የምሰማው ነው። ሆኖም የእናትህን ነገር ያህል ግልጽ አድርጎ ያቀረበልኝ ሰው የለም። እናትህ ልጇን አጥታ ሽማግሌውን አግኝታለች። መሪ ተዋናይ ብዙውን ጊዜ ይህ ዕድል የለውም፤ ተመልካቹ ገና ሲገባ ስሙን፣ መልኩን፣ ባለፈው ያየበትን ታሪክ ይዞ ነው የሚቀበለው።

ሩቅ አገር ያለ ምሳሌ ላምጣልህ። ጆን ካዛል የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ ነበር፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደ። ቴአትር ተምሮ ወደ ኒውዮርክ ከሄደ በኋላ መድረክ ብቻውን ስላልመገበው በአንድ የነዳጅ ኩባንያ በተላላኪነት ተቀጠረ። እዚያው ኩባንያ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ የሚሠራ ሌላ ወጣት ተዋናይ አገኘ፤ ያ ወጣት አል ፓቺኖ ነበር። ካዛል በዕድሜው የሠራቸው የፊልም ቤት ፊልሞች አምስት ብቻ ናቸው፤ በአምስቱም ረዳት ተዋናይ ነበር። አምስቱም ለኦስካር ሽልማት በምርጥ ፊልምነት ታጭተዋል፤ ሦስቱ አሸንፈዋል። እርሱ ራሱ ግን አንድም ጊዜ ለዚህ ሽልማት ሳይታጭ መጋቢት 1978 እ.ኤ.አ. በሳንባ ካንሰር በ42 ዓመቱ አረፈ። የመጨረሻውን ፊልም የሠራው መታመሙን እያወቀ ነው፤ ሥራው ለተመልካች ሲቀርብም በሕይወት አልነበረም።

በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ውስጥ ፍሬዶ የሚባለውን ደካማ ወንድም ሆኖ ተጫውቷል። አባቱ በመንገድ ላይ ሲተኮስበት ፍሬዶ ሽጉጡን ያወጣል፤ ነገር ግን እጁ ስለማይታዘዝለት ሽጉጡ ይወድቅበታል፤ ከዚያም መንገዱ ዳር ተቀምጦ ያለቅሳል። ይህን ትዕይንት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አሳያቸዋለሁ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ብርቱዎቹ ወንዶች ምን ያህል ብርቱ እንደሆኑ የምንለካው በዚህ ሰው መንቀጥቀጥ ነው። ካዛል የፍሬዶን ድካም አላስዋበውም፣ እንዲታዘንለትም አልለመነም፤ አንድ ሰው በሕይወቱ እጅግ በሚፈለግበት ደቂቃ ሳይችል ሲቀር ምን እንደሚመስል ብቻ አሳየ።

ሌላው ጃፓናዊው ታካሺ ሺሙራ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1982 እ.ኤ.አ. ያረፈው ይህ ሰው፣ አኪራ ኩሮሳዋ ከሠራቸው 30 ፊልሞች በ21ዱ ላይ ተጫውቷል። በአንዱ የመርማሪዎች አለቃ፣ በሌላው ሐኪም፣ በሌላው እንጨት ለቃሚ ነው። ኩሮሳዋ በ1952 እ.ኤ.አ. በካንሰር ሊሞት ጥቂት ወራት የቀሩትን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ታሪክ ሲሠራ ዋናውን ቦታ ለሺሙራ ሰጠው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የሰባቱን ሳሙራዮች መሪ እርሱ ሆነ። የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ እነዚህን ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ከሠራ በኋላ ወደ ትናንሾቹ ገፀ ባሕርያት ተመልሶ እስከ እርጅናው ድረስ ቀጠለ። ወደ ታች እንደ ወረደ ሰው አልሠራም።

ለሁለተኛው ጥያቄህ የምሰጥህ መልስ አጭር ነው። ወታደሩ ከመግባቱ በፊት ያለውን ጊዜ ጻፈው። ስንት ሌሊት እንደተጓዘ፣ ማንን ትቶ እንደመጣ፣ የመጨረሻውን ቆሎ ለማን እንዳካፈለ ወሰን። ይህ ሁሉ መድረክ ላይ አይነገርም፤ እግርህ ላይ ግን ይታያል።


መልስ፦ የቀድሞ የኪነት ባልደረባ፣ ከደሴ

ልጄ፣ መምህሩ የጻፉልህ መልካም ነው። እኔ ያደግሁበትን ልንገርህ።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። በወሎ ከሁሉም ስሙ የገነነው ወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ሲሆን፣ እኔ የነበርኩበት ግን ማንም የማያስታውሰው አንድ ትንሽ ቡድን ነው። በጭነት መኪና ላይ መሣሪያውን፣ አልባሳቱንና እኛን አንድ ላይ ጭነው ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሐይቅ ይወስዱን ነበር። ድምፄ ለዘፈን አልሆነም፣ ቁመቴም ለጀግና አልበቃም፤ ስለዚህ የተረፈው ሁሉ የእኔ ድርሻ ሆነ።

በአንድ ተውኔት ውስጥ የባላባት ቤት አስታጣቢ እንድሆን ታዘዝኩ። ቃል የለኝም። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ እገባለሁ፤ ሦስት እንግዶች አስታጥቤ እወጣለሁ። በመጀመሪያ ተቀየምኩ፤ በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ስሜ መቅረቱን ሳይ ደግሞ ቅያሜዬ ጨምሮ ልምምድ አቋረጥኩ። በዚያው ሰሞን አንድ ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ከምግቡ ይልቅ ዓይኔ አስታጣቢውን ልጅ ሲከተል አመሸ፤ ያኔ ይህን ሥራ እንደማልተወው ገባኝና በማግስቱ ወደ ልምምዱ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በየሰርጉና በየተዝካሩ ይህንኑ ሳይ ከረምኩ። ለሚከበር ሰው ሲፈስስ የአስታጣቢው ወገብ ዝቅ ይላል፣ ውሃው ቀጭንና ያልተቋረጠ ይሆናል፣ ፎጣውም ሳይጠየቅ ይቀርባል። የቤቱ ሰው ለሆነ ዘመድ አስታጣቢው ፈገግ ይላል፣ ውሃውም በዛ ይላል። ለማይፈለግ እንግዳ ግን እጁን አስተካክሎ ሳይዘረጋ ውሃው ይቀድመዋል፣ የአስታጣቢው ዓይንም ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ቤቱ ያስተማራቸው ነው።

በተውኔቱ ውስጥ ሦስተኛው እንግዳ የባላባቱን መሬት ለመንጠቅ በስውር የሚዶልት ሰው ነበር፤ ተመልካቹ ይህን የሚያውቀው በመጨረሻው ገቢር ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ሳስታጥበው አዳራሹ ተንጫጫ። ባቲ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ይኼስ ሰውዬ ደኅና አልመጣም» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ባላባቱ ገና አፉን አልከፈተም ነበር። መሪ ተዋናያችን መጀመሪያ ተቆጣኝ፤ በሦስተኛው ከተማ ግን ራሱ «አስታጣቢው ሲጨርስ ቆይቼ ነው የምናገረው» ብሎ ለአዘጋጁ አመለከተ።

ስለ መተዳደሪያ ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ሌላ መልስ እሰጥህ ነበር። ከሥራው ያገኘሁት ገንዘብ ጥቂት ነው። ያሳደገኝ ግን ሬዲዮም ጭምር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያልሰማህ ከሆነ ዛሬውኑ ፈልገህ ስማ። ፊታውራሪ መሸሻን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህን፣ አበጀ በለውን፣ አገልጋዮቹንና ካህናቱን ሁሉ በአንድ ጉሮሮ ነው ያመጣቸው። እኔ ደግሞ ልብ ያልኩት ሁለት ቃል ተናግሮ ለሚሄደው ሰው እንኳ የራሱ ትንፋሽ እንደሰጠው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ ጉዱ ካሣን የታሪኩ ዋና ሰው አላደረጉትም፤ ዛሬ ግን በዛብህ የተናገረውን ከሚጠቅስ ሰው ይልቅ ጉዱ ካሣ የተናገረውን የሚጠቅስ ይበዛል።


መልስ፦ ከሐይቅ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚኖር

እኔ ለስምንት ዓመት በተከታታይ ድራማዎችና በፊልሞች ውስጥ ረዳት ተዋናይ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ። ከላይ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው የመደብሩን ሥራ እንዳይለቅ አደራ እላለሁ። እኔ የሚከፈለኝ ቀረጻ በተጠራሁበት ቀን ልክ ነው፤ ንጋት ላይ ተጠርቼ ተራዬ ሳይደርስ የመሸበትና ያለ ክፍያ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። አንድ አዘጋጅ የሦስት ወር ሥራዬን ገንዘብ እስከ ዛሬ አልሰጠኝም። ቤተሰብ ያለው ሰው ከመድረኩ ጎን የሬዲዮ ማስታወቂያ ማንበብን፣ መጽሐፍ መተረክን ወይም ማስተማርን ቢይዝ ሙያውንም በክብር ያቆየዋል። የተቸገረ ተዋናይ የማይወደውን ገፀ ባሕርይ እምቢ ማለት አይችልም። እኔን ከሁሉ የጎዳኝም ይኸው ነው።


መልስ፦ እኅት፣ ከወልድያ

ወንድሜ፣ የእኔ ድርሻ ሁልጊዜ የቤት ሠራተኛና ቡና የምታፈላ ጎረቤት ስለሆነ ጥያቄህን እንደራሴ አነበብኩት።

በመጀመሪያ አንድ የምንረሳውን ነገር ላስታውስ። በአገራችን ዘመናዊ መድረክ መጀመሪያ ላይ ሴት ተዋናይ ስላልነበረች የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ይሸፍኑ ነበር። ብዙዎቻችን «አባባ ተስፋዬ» ብለን በልጆች ፕሮግራም የምናውቃቸው፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ በወጣትነታቸው የሴት ልብስ ለብሰው፣ ሴት ሆነው ይተውኑ ነበር። ከዚያ በኋላ እነ አስናቀች ወርቁ ክራራቸውንም ትወናቸውንም ይዘው መጡ፤ እርሳቸው መድረክ ላይ ሲወጡ ሴት ተዋናይ በሰው ዘንድ ምን ያህል ስሟ ይነሣ እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ስለዚህ «ሠራተኛይቱ» ተብዬ ስወጣ ቦታው በነጻ የተገኘ አለመሆኑን አስባለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ያለፈው ዓመት በአንድ ተውኔት ውስጥ አልቃሽ እንድሆን ተሰጠኝ። አንድ ትዕይንት ብቻ ነው። በልምምድ ላይ በእውነት አለቀስኩ፤ እንባዬ ወረደ፣ ድምፄ ተቆራረጠ፤ አዘጋጁም ረካ። እኔ ግን አንድ ነገር ስለጎደለኝ በእኛ አካባቢ ሙሾ በማውረድ ወደሚታወቁ አንዲት እናት ሄድኩ። ሲያወርዱ እንዳያለቅሱ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ሙሾ የሚያወርድ ሰው ካለቀሰ ድምፁ ተሰብሮ የሟች ውለታ ሳይነገር እንደሚቀር፣ የሚያለቅሰው ሌላው መሆኑን፣ የእርሳቸው ሥራ ግን የሟቹን ዘመዶችና ሥራዎች አንድም ሳያስቀሩ መቁጠር እንደሆነ አስረዱኝ። በትርኢቱ ቀን ዓይኔ ደረቅ ነበር። ሁሉንም ስሞች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ልቅሶው ከወንበሮቹ በኩል መጣ።

ሦስተኛው እሮሮዬ ነው፤ ታገሡኝ። የወሎ ሰው በተውኔትና በፊልም ሲመጣ በየዓረፍተ ነገሩ «አብሽር» እያለ የሚስቅ ሰው ብቻ ተደርጎ ይሳላል። አብሽር እንላለን፤ የምንለው ግን ሰው ሲከፋው፣ ሲታመም፣ ሲጨንቀው ልቡን ለማበርታት ነው፤ ሰላምታ አይደለም። የወልድያው አነጋገር ከደሴው፣ የደሴው ከቦረናው ይለያል። ዋናው ተዋናይ በመጽሐፍ አማርኛ ቢናገር ተመልካቹ ይቅር ይለው ይሆናል፤ የአገሩን መዓዛ ይዞ የሚገባው ግን እኔና አንተ የምንሆነው ሰው ስለሆነ ስሕተቱ የእኛ ስሕተት ነው። ሰኞ ገበያ ወርደህ ሽማግሌዎቹ ሲጨቃጨቁ፣ ሲመርቁ፣ ዝም ሲሉ ስማ። በተለይ ዝምታቸውን አጥናው፤ የእኛ አባቶች መጥፎ ወሬ ከመናገራቸው በፊት ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ይጠያየቃሉ።


ጠያቂው፦ የጦሳ ሥር ልጅ፣ ከደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ እንዳሉኝ ከመግባቱ በፊት ያለውን ጻፍኩት፤ ስድስት ገጽ ሆነ። ከሐይቅ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሥራዬን አልለቅም። እኅቴ፣ ሰኞ ዕለት ፈቃድ ወስጄ ገበያ ወርጄ ነበር፤ የነገርሽኝ እውነት ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች የአንድ ዘመዳቸውን ሞት ከመነጋገራቸው በፊት ስለ ማሽላ ዋጋ ብዙ አወሩ። ይህን ለአዘጋጃችን ነገርኩትና ከሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች ሁለተኛው ላይ ቆም እንድል ፈቀደልኝ።

አሁን የቀረኝ አንድ ችግር ነው። የልብስ ኃላፊያችን ለወታደሩ ጎራዴና ጠመንጃ አዘጋጅቶለታል። ጋሼ፣ እርስዎ በእንዲህ ያለው ነገር ብዙ ያዩ ስለሆኑ ልጠይቅዎት፤ በዚያ ዘመን አንድ ወታደር ከነመሣሪያው ወደ ንጉሥ አዳራሽ ይገባል? ነጠላውንስ እንዴት ይልበስ?


መልስ፦ የቀድሞ የኪነት ባልደረባ፣ ከደሴ

ልጄ፣ ነጠላውን አደግድጎ ይግባ፤ ጌታው በሌለበት አዳራሽም ቢሆን ያደገድጋል፤ ለባዶው ዙፋን እጅ ሲነሣ ሴቶቹ ያዩታል። እስኪፈቀድለት ከበሩ አጠገብ ይቁም፤ ውሃ ቢሰጡት ከመናገሩ በፊት ይጠጣ፤ የጠማው ሰው ነውና።

ጠመንጃውን ግን ለልብስ ኃላፊያችሁ መልስለት። በዚያ ዘመን ጠመንጃ የወንድ ልጅ ክብሩ ነበር፤ ታጥቆ የዘመተ ሰው ባዶውን ከተመለሰ ጠባቂዎቹ ሴቶች ከሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች በፊት ወሬውን ያውቁታል። በልምምድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ከባድ እንጨት በማንገቻ አንግተህ ተመላለስ፤ ቤትህም፣ መደብርህም ሆነህ አትለየው። ትከሻህ ሲለምደው አውልቀው። ከዚያ በትርኢቱ ቀን በበሩ ስትገባ ግራ እጅህ ሳታዝዘው ማንገቻውን ሊያስተካክል ወደ ትከሻህ ይሄዳል፤ ምንም አያገኝም፤ ተወው፣ እዚያው ጥቂት ይቆይ።